እስስቱ በ70 ዶላር፣ ቤቱ በ400

በአሜሪካ የቤት እንስሳት ገበያ ሦስት ወር የሞላው የየመን እስስት ከ50 እስከ 100 ዶላር ባለው ዋጋ ይሸጣል። በትልልቅ መደብሮችም ሆነ በቅዳሜና እሁድ በሚዘረጉት የተሳቢ እንስሳት ባዛሮች ዋጋው ከዚህ ብዙ አይርቅም። በደማቅ ቀለሙ የሚታወቀው የማዳጋስካሩ ፓንተር እስስት ከ200 ዶላር ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል። ለዛሬ የመረጥነው ርካሹን ነው። ገዢውን የሚያታልለው እሱ ነውና።

«እስስት ደግሞ ምን ሊረባ ይገዛል?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። አጥር ላይ ባየናት ቁጥር ድንጋይ እየፈለግን ላደግን ሰዎች ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁንና በዋሽንግተንና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በዚያ ገበያ ውስጥ ነው። ልጅ ውሻ ሲለምን «ፀጉሩ ምንጣፍ ያበላሻል፣ ጩኸቱ ጎረቤት ያስቀይማል» ብሎ ለሚከራከር ወላጅ፣ ፀጉር የሌለውና ድምፅ የማያሰማው እስስት ጥሩ ማስታረቂያ መስሎ ይታያል። ዋጋውም ከአንድ ጥንድ የስፖርት ጫማ አይበልጥም።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በዓል በደረሰ ቁጥር ገበያ የሚወጣ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ዶሮ ገዝቶ ዶሮ ወጥ በላሁ የሚል የለም። ሽንኩርቱ፣ ቅቤው፣ በርበሬውና እንቁላሉ ሲደመሩ ከዶሮዋ ይበልጣሉ። በኢኮኖሚክስ ትምህርት ተደጋጋፊ ሸቀጦች የሚባሉት እነዚህ ናቸው፤ አንዱ ያለ ሌላው አይረባም። እስስት ደግሞ የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ያለ ቤቱ፣ ያለ መብራቱና ያለ ውኃ መርጫው የተገዛ ጫጩት እስስት ጥቂት ሳምንታት ወይም ጥቂት ወራት ቆይቶ ይሞታል፤ ልጁም ያለቅሳል፤ 70ው ዶላርም አብሮ ይቀበራል።

የዕቃው ዋጋ እንደ ከተማውና እንደ መደብሩ ቢለያይም ሂሳቡ በግርድፉ ይህን ይመስላል። የወንፊት ሽቦው ቤት 120 ዶላር፣ የአልትራቫዮሌት መብራቱ ከነማቀፊያው 80፣ የማሞቂያ አምፑሉ 20፣ ውኃ የሚረጨው አነስተኛ ፓምፕ 100፣ ተክልና ቅርንጫፍ 40፣ የሙቀትና የእርጥበት መለኪያው ከነሰዓት መቆጣጠሪያው 30፣ የካልሲየምና የቫይታሚን ዱቄቱ 25። ድምሩ ከ400 ዶላር ጥቂት ያልፋል። ፓምፑን ትቶ በእጅ መርጫ የሚሠራ ሰው 80 ዶላር ያህል ያተርፋል፤ ሌላው ላይ ግን መቆጠብ አያዋጣም።

ጫጩቱ ለምን ረከሰ?

የየመን እስስት ስሙ እንደሚያመለክተው የየመንና የደቡብ ምዕራብ ሳዑዲ አረቢያ ተራራማ አካባቢዎች ተወላጅ ነው። በራሱ ላይ እንደ ቆብ የቆመ ረጅም ክፈፍ አለው። በአሜሪካ ገበያ በብዛት መታየት የጀመረው በ1990ዎቹ ሲሆን፣ ዛሬ የሚሸጠው ከሞላ ጎደል ሁሉም እዚያው የተፈለፈለ ነው። አንዲት ሴት በአንድ ጊዜ ከ30 እስከ 60 እንቁላል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትጥላለች፤ ይህንንም በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ልታደርገው ትችላለች። እንቁላሉ በመፈልፈያ ውስጥ ከስድስት ወር በላይ መቆየቱ አርቢውን ትዕግሥት ይጠይቀዋል እንጂ ብዙ ገንዘብ አይጠይቀውም። አቅርቦት እንዲህ ሲበዛ ዋጋ የት እንደሚደርስ መናገር አያስፈልግም።

አዲስ የተፈለፈለ ጫጩት ከሰባት ሳንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ወንዱን ከሴቷ መለየት የሚቻለው ገና በተፈለፈለ ዕለት ነው፤ በኋላ እግሩ ተረከዝ ላይ ትንሽ ጉጥ ያለው ወንድ ነው። ወንዱ ሲያድግ ከነጅራቱ ከ45 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ገዢው ጾታውን ሳይጠይቅ መክፈል የለበትም፤ ምክንያቱን ወደታች እንመለስበታለን።

ቤቱ

የመስታወት ሳጥን ለዓሣ ነው። ለእስስት የሚመረጠው አራት ጎኑም ጣሪያውም ወንፊት ሽቦ የሆነ፣ አየር እንደልብ የሚገባበት ቤት ነው። ታምቆ የቆየ እርጥብ አየር ሳንባውን ያሳምመዋል፤ በመስታወቱ ላይ የሚያየው የራሱ ምስልም ሌላ እስስት መጣብኝ ብሎ ቀኑን ሙሉ እንዲቆጣ ያደርገዋል። ክረምቱ በጣም በሚቀዘቅዝና ማሞቂያው የቤቱን አየር በሚያደርቅበት አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች ሁለት ወይም ሦስት ጎኑን በፕላስቲክ ይሸፍኑታል፤ ይህ ስህተት አይደለም።

ስፋቱ 60 በ60፣ ከፍታው 120 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ለጎልማሳ ወንድ ይበቃዋል። እዚህ ላይ ሻጮች የሚሰጡት ምክር አለ። «ለጊዜው ትንሹን ይውሰዱ፣ ሲያድግ ይቀይሩታል» ይላሉ። ትንሽ ቤት ለጫጩት ፌንጣውን በቀላሉ እንዲያገኝ እንደሚረዳው እውነት ነው። ነገር ግን የየመን እስስት ከስምንት እስከ አሥር ወር ባለው ጊዜ ሙሉ ቁመናውን ሊይዝ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ትንሹ ቤት የት ይሄዳል? የሦስት ወሩን ገዝቶ ከመጀመሪያው ትልቁን ቤት መትከል፣ ፌንጣውንም ከተወደደው ቅርንጫፍ አጠገብ በተንጠለጠለች ኩባያ ውስጥ ማቅረብ ይሻላል። ሁለተኛውን ሽያጭ ሻጩ ቢያጣው አይጎዳም።

ቤቱ መሬት ላይ አይቀመጥም። እስስት ሰው ከበላዩ ሲቆምበት አዳኝ የመጣበት ይመስለዋል፤ ስለዚህ የላይኛው ቅርንጫፍ ከሰው ዓይን ከፍታ በላይ እንዲሆን ጠረጴዛ ላይ ይሰቀላል። በቤቱ ውስጥ ደግሞ ሕይወት ያለው ተክል ያስፈልገዋል። የእኛው የዋርካና የሾላ ዘመድ የሆነችው ፊከስ፣ ሂቢስከስና ሼፍሌራ ይመረጣሉ። የየመን እስስት ቅጠል ስለሚበላ መርዝ የተረጨበት ተክል ከመደብር እንደመጣ አይገባም፤ ቅጠሉ በደንብ ይታጠባል፣ አፈሩም ቢቀየር ይመረጣል። ቅርንጫፎቹ ወደጎንም ወደላይም እየተጠላለፉ ቤቱን መሙላት አለባቸው። ወለሉ ባዶ ቢሆን ጥሩ ነው፤ የእንጨት ፍርፋሪ ከፌንጣ ጋር አብሮ ይዋጣልና።

ሁለት እስስት በአንድ ቤት አይኖርም። ወንድማማች ቢሆኑም፣ ወንድና ሴት ቢሆኑም። «ብቻውን ይሰለቸዋል» የሚል ደግ ሰው ሁለተኛ ገዝቶ ቢጨምር አንደኛው ምግብ አቁሞ ይከሳል።

አንድ ነገር ለአገራችን ሰው እንጨምር። ቡና የሚቆላበትና ዕጣን የሚጨስበት ሳሎን ለዚህ እንስሳ አይመችም። ቤቱ ወንፊት ነው፤ ጢሱ በቀጥታ ይገባል። ሌላ ክፍል ይፈለግለት።

መብራቱና አጥንቱ

ብዙ ጫጩት የሚሞተው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህም ከቤቱ ይልቅ በመብራቱ ላይ ብንቆይ ይሻላል።

በአገራችን እናቶች አራስ ልጅን የጠዋት ፀሐይ ያሞቃሉ። ጤና ጣቢያም «ሪኬትስ እንዳይዘው ፀሐይ አሙቂው» ብሎ ይመክራል። ለእስስት ጫጩትም ነገሩ ያው ነው። ፀሐይ ውስጥ ያለው አልትራቫዮሌት ቢ የሚባለው ጨረር ቆዳው ላይ ሲያርፍ ሰውነቱ ቫይታሚን ዲ ይሠራል፤ ያለዚህ ቫይታሚን የበላውን ካልሲየም ወደ አጥንት ሊያደርሰው አይችልም። ካልሲየም ሲያንሰው ሰውነቱ ከገዛ አጥንቱ ይበደራል። እግሩ ይጎብጣል፣ መንጋጋው እንደ ጎማ ይለሰልሳል፣ ምላሱን መወርወር ይሳነዋል። በፍጥነት የሚያድግ ጫጩት ላይ ይህ በሳምንታት ውስጥ ሊታይ ይችላል፤ የጎበጠ አጥንት ደግሞ ሕክምና ቢያገኝም ተመልሶ አይቃናም።

«መስኮት አጠገብ አስቀምጠዋለሁ፣ ፀሐይ ይገባለታል» የሚለው መፍትሔ አይሠራም። የመስኮት መስታወት ብርሃኑንና ሙቀቱን ሲያሳልፍ ይህን ጨረር ያስቀረዋል። ተራ የቤት አምፑልም አያመነጨውም። የሚያስፈልገው ለተሳቢ እንስሳት ተብሎ የተሠራው፣ ቲ5 የሚባለው ረጅም ፍሎረሰንት ነው። አምስት ወይም ስድስት ከመቶ የሚል ጽሑፍ ያለበት ይበቃል። ከወንፊቱ ጣሪያ ላይ ተቀምጦ፣ እስስቱ የሚሞቅበት ቅርንጫፍ ከእሱ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። በቀን 12 ሰዓት ይበራል፣ ሌሊት ይጠፋል። ሌሊት ቀይ ወይም ሰማያዊ አምፑል የሚያበሩለት አሉ፤ እስስት ግን ጨለማ ይፈልጋል።

የመብራቱ አስቸጋሪ ጠባይ እርጅናው ነው። የሒሳብ ባለሙያዎች ለመኪናና ለማሽን የእርጅና ተቀናሽ ይይዛሉ። ይህ አምፑልም ዓመት ሲሞላው ለዓይን እንደ መጀመሪያው ቀን ወገግ ብሎ እየበራ ጨረሩ ግን ደክሟል። ስለዚህ የተገዛበት ቀን በማቀፊያው ላይ ይጻፍ፤ በዓመቱ 30 ዶላር ያህል ወጥቶ አዲስ ይገባ። «ገና ይበራል» እያሉ ሁለት ዓመት ማቆየት የእስስቱን አጥንት መብላት ነው።

የማሞቂያው አምፑል ሌላ ነው፤ ለብቻው ከአንድ ጥግ በላይ ይሰቀላል። ለጫጩት የሚሞቅበት ቅርንጫፍ ከ27 እስከ 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ይበቃል። ታችኛው ክፍል ቀዝቀዝ ይበል፤ እንስሳው ራሱ እየወጣና እየወረደ ይመርጣል። ሌሊት ወደ 18 ዲግሪ ቢወርድ አይጎዳውም። አምፑሉ ቀርቦ ከተሰቀለ ግን እስስቱ ጀርባው እየተቃጠለ ላይሸሽ ይችላልና፣ እንስሳው ከመግባቱ በፊት በቴርሞሜትር ይለካ።

ውኃውና ምግቡ

ከሣህን የሚጠጣ እስስት ብርቅ ነው። የቆመ ውኃን እንደ ውኃ አያውቀውም። የሚጠጣው ቅጠል ላይ ያረፈ ጠብታ ነው፤ እንደ ጤዛ። ስለዚህ ጠዋት መብራቱ ከመብራቱ በፊትና ማታ ከጠፋ በኋላ ቅጠሉ ሁሉ እስኪረጥብ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ይረጫል፤ ጫጩት ከሆነ ቀን ላይም ቀስ እያለ የሚንጠባጠብ ዕቃ ቢንጠለጠልለት መልካም ነው። በርጭቶቹ መካከል ቤቱ መድረቅ አለበት። ውኃ አንሶት እንደሆነ የሚታወቀው ከኩሱ ነው። ነጭ መሆን የሚገባው ክፍል ብርቱካናማ ሲሆን፣ ዓይኑም ወደ ውስጥ ሲገባ ጉዳዩ አስቸኳይ ነው።

ምግቡ በዋናነት ሌሊት ሲጮህ የምንሰማው ዓይነት ፌንጣ ነው። ፌንጣው በእስስቱ ሁለት ዓይኖች መካከል ካለው ስፋት መብለጥ የለበትም። ጫጩት በቀን ከ10 እስከ 20 ትንንሽ ፌንጣ ይበላል፤ ሲጎለምስ በሁለት ቀን አንዴ ጥቂት ትልልቅ ይበቃዋል። ፌንጣ ፎስፈረስ የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰው ምግብ ስለሆነ ከመቅረቡ በፊት ካልሲየም ዱቄት ይነሰነስበታል፤ ቫይታሚን ያለበት ዱቄት ግን በወር ሁለት ጊዜ ብቻ። ሲበዛ ራሱ ያሳምማል። ፌንጣውም በባዶ ሆዱ አይቀርብም። ካሮት፣ ጎመንና ብርቱካን በልቶ የጠገበ ፌንጣ ነው እስስቱን የሚመግበው። ሳይበላ የተረፈው ማታ ይወጣ፤ የተኛ እስስትን ይነክሳልና።

ስለ ቀለሙ አንድ ነገር። አቋሙን የሚለዋውጥ ሰውን እስስት እንለዋለን፤ አካባቢውን መስሎ ይደበቃል በሚል። ቀለሙ ግን በአብዛኛው የሚለወጠው በስሜቱና በሙቀቱ ነው። የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ፓንተር እስስት ቆዳው ውስጥ ባሉ እጅግ ጥቃቅን ክሪስታሎች መካከል ያለውን ርቀት በመለወጥ ቀለሙን እንደሚቀይር አሳይተዋል። ለባለቤቱ ይህ የማይዋሽ መለኪያ ነው። ጠዋት ጠቆር ቢል ሙቀት እየሰበሰበ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጠቁሮ ከዋለ ግን በርዶታል፣ ፈርቷል ወይም ታሟል። ቀን ዓይኑን ጨፍኖ የሚውል እስስት ደግሞ እንቅልፋም ሳይሆን ታማሚ ነው፤ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ሴቷ

ከላይ ያቆየነው የጾታ ነገር ይህ ነው። ሴቷ ወንድ ባታይም እንኳ እንቁላል ትሠራለች፤ እንደ ፈረንጅ ዶሮ ማለት ይቻላል። ዕድሜዋ ስድስት ወር አካባቢ ሲደርስ ልትቆፍርበት የምትችል እርጥብ አሸዋ የተሞላ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ዕቃ ቤቷ ውስጥ ካልገባላት እንቁላሉን ይዛው ትሞታለች። አብዝቶ ማብላትም ለእሷ ቸርነት አይደለም፤ ምግብ በበዛ ቁጥር እንቁላሉ ይበዛል፣ ዕድሜዋም ያጥራል። ለጀማሪ ወንድ ይመረጣል የሚባለው ለዚህ ነው።

የዓመቱ ሂሳብ

ፌንጣው በወር 25 ዶላር ያህል ይፈጃል፤ በዓመት 300። 39 ዋት ፍሎረሰንት 12 ሰዓት፣ 60 ዋት ማሞቂያ ስድስት ሰዓት ቢበሩ በወር 25 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ በአሜሪካ ታሪፍ ከአራት እስከ አምስት ዶላር፣ በዓመት 50 ዶላር አካባቢ። ለተሳቢ እንስሳት ሐኪም የመጀመሪያ ምርመራ 100 ዶላር እንያዝ። ቤቱና እስስቱ ሲጨመሩበት የመጀመሪያው ዓመት ወጪ ወደ 900 ዶላር ይጠጋል። ከዚህ ውስጥ የእንስሳው ዋጋ ከመቶ ስምንት እጅ አይሞላም። በደንብ የተያዘ ወንድ አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል። ይህን ሰምቶ ዓሣ የሚገዛ ወላጅ ቢኖር አይፈረድበትም።

«እኛስ አንሸጥም?»

እስስት ከሞላባት አገር ይህ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። በእርግጥም የአገራችን ተራሮች የራሳቸው እስስቶች አሏቸው። ከባሌ ብቻ በ1995፣ በ1998 እና በ2021 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ አዲስ የሆኑ ዝርያዎች ተመዝግበዋል፤ የመጀመሪያው ስሙን ያገኘው ከሐረና ደን ነው። ይሁንና እስስት በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት፣ ሳይትስ፣ ቁጥጥር ሥር ነው። ኢትዮጵያም ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት። ያለ ፈቃድ ይዞ ማውጣት ወንጀል ነው። ማዳጋስካርም ብትሆን ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዓመታት ንግዱ የተፈቀደላት በአራት የእስስት ዝርያዎች ብቻ ነበር።

ሕጉን እንኳ ብንተወው ገበያው ራሱ አይከፈትም። ከጫካ ተይዞ በሣጥን የተጓዘ እስስት ከሲታ፣ ውኃ የጠማው፣ ጥገኛ ትል የሞላበት ሆኖ ይደርሳል። የሃዋይ ታሪክ የታወቀ ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. አንድ የእንስሳት መደብር ባለቤት ከኬንያ ያስመጣቸው ጥቂት ደርዘን ባለ ሦስት ቀንድ እስስቶች ከስተውና ውኃ ጠምቷቸው ደረሱ። እንዲያገግሙ ብሎ ጓሮው ለቀቃቸው፤ እነሱም አገግመው ሄዱ። ዛሬ ዘራቸው በደሴቶቹ ላይ ይኖራል። ጓሮው ቅጠልና ዝናብ ነበረው፤ መደብሩ ያልነበረው ይህ ነው።

ስለዚህ የሚገዛ ሰው እዚያው የተፈለፈለውን ይግዛ፤ ግዢውም በቅደም ተከተል ይሁን። መጀመሪያ ቤቱ ተተክሎ፣ መብራቱና ርጭቱ አንድ ሳምንት ሠርቶ፣ ሙቀቱ ተለክቶ ይታይ። ከዚያ ወደ መደብር ይኬዳል። ጫጩቱ ሦስት ወር የሞላው፣ ዓይኑ ክብና ንቁ፣ እግሮቹ ቀጥ ያሉ፣ ቅርንጫፉን ጠበቅ አድርጎ የያዘ መሆን አለበት። ከነካኩት በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ለልጆች ሊነገር ይገባል፤ ተሳቢ እንስሳት ሳልሞኔላ ይይዛሉ። ገንዘብ ከመክፈል በፊት ደግሞ ሻጩ አንድ ፌንጣ ጣል አድርጎ ጫጩቱ ምላሱን ሲወረውር ያሳይ። «አሁን በልቶ ጠግቧል» ካለ፣ ነገ ጠዋት ተመልሶ መምጣት ነው።